አባታችን ያልሞተበት ዓመት

ሮተርዳም፣ ሰኞ ጠዋት

ለውድ ታላቅ እህቴ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ጉልበትሽ ከቀዶ ሕክምናው አገግሞ፣ ደረጃውን ያለ ምርኩዝ የምትወጪ ሆነሽ እንዲያገኝሽ እመኛለሁ። ሐኪሙ ያዘዘልሽን መልመጃ በቀን ሁለት ጊዜ ትሠሪያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ የማታውን ትተዪዋለሽ? ድመትሽስ እንዴት ናት? ባለፈው በስልክ ስታስነጥስ ሰምቻታለሁ። እኔ ደህና ነኝ። የደም ግፊቴን በየጠዋቱ እየለካሁ እጽፋለሁ፤ ቁጥሩ ከሞላ ጎደል ልክ ነው። በእናንተ በሰሜን በኩል ንፋሱ ዛፍ እስከ መጣል መድረሱን በሬዲዮ ሰምቼ አሰብኩሽ። እዚህ ወንዙ ረግቷል።

የምጽፍልሽን በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ አልቻልኩም። ሐሙስ ዕለት ደውዬ ስለ ድንች ዘር ሩብ ሰዓት ያወራሁት ለዚህ ነው። ድንች የምተክልበት መሬት እንደሌለኝ ታውቂያለሽ፤ እንዲያም ሆኖ ታግሠሽ ሰማሽኝ። ጉዳዩ እግር ኳስ ነው። በእኔና በአንቺ መካከል ለሠላሳ ሰባት ዓመት ያልተነሳ ነገር ስለሆነ፣ እባክሽ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ወደ ስልኩ አትሂጂ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። መጀመሪያ ያን ቀን፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ።

በ1986 በጥቅምት፣ እሑድ ነበር። አባታችን ካረፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ልጆች ሳለን ይዞን ይቀመጥበት በነበረው በደቡብ ጎን፣ አሥራ አራተኛው ረድፍ ላይ ነበርን። የአምስተርዳሙ ክለብ ደጋፊዎች እንደ ልማዳቸው ራሳቸውን «አይሁዶች» ብለው እየጠሩ፣ ባለ ኮከቡን ባንዲራ እያውለበለቡ ገቡ። ከመካከላቸው በእውነት አይሁዳዊ የሆነው በጣት የሚቆጠር ይመስለኛል። ከዚያ ከኋላችን ያ ድምፅ ተነሳ፤ በጥርስ መካከል የሚለቀቅ ረጅም ትንፋሽ፣ በጦርነቱ ጊዜ አይሁዶች የተፈጁበት ጋዝ ከቧንቧ ሲወጣ የሚሰማው። አንድ ሺህ ሰው ይሆናል። አንቺ ተነሳሽ። «ትመጣለህ?» አልሽኝ። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ለምን ሰዓቴን እንዳየሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻሽን ወጣሽ።

ያልነገርኩሽ የቀጠለውን ነው። በግራዬ የተቀመጠው ዓሣ ነጋዴው ሌን «እህትህ ምን ሆነች?» ብሎ ጠየቀኝ። «ራሷን አሟት ነው» አልኩት። እሱም «ይህ ሁሉ ጫጫታ ማንን አያሳምም!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እንደ ገና መጻፍ ካለብኝ እንደ ገና እጽፈዋለሁ፦ እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እዚያው ረድፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ያንን ድምፅ ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ዝም ማለቴን ግን እንደ በጎ ሥራ አልቆጥረውም፤ ባዶ ለተመለሰ የፈተና ወረቀት ስህተት ስለሌለበት ብቻ ነጥብ ሰጥቼ አላውቅምና። ለምን አልተውከውም ትይኛለሽ። አባታችን ነጻ በወጣን ሳምንት ከተደበቀበት ከዚያ የገበሬ ቤት ጭድ መካከል ወርዶ፣ በእግሩ ወንዙን ተሻግሮ መጀመሪያ የሄደው ወደ ስታዲየሙ መሆኑን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ሣሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ ብላ እናታችን የነገረችው ለአንቺ ነው። እኔ ያንን ሣር ለእነዚያ ጥርሶች መተው አልቻልኩም። ይህ ምክንያት እንጂ ይቅርታ አይደለም።

አሁን ስለ ማሪኑስ ልንገርሽ። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተማርኩት ልጅ ነበር፤ ዛሬ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ወደቡ ላይ ክሬን ይነዳል። በ1986 ከአጎቱ ጋር ከእኛ ሁለት ረድፍ ከፍ ብሎ ይቀመጥ ነበር፤ ድምፁን ከሚያወጡት አንዱም ነበር። ይህን የማውቀው ራሱ ስለነገረኝ ነው። «መምህር፣ እኔ እኮ ያንን ድምፅ አሥር ዓመት ሙሉ አውጥቻለሁ። ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር ብዬ ልዋሽዎት አልችልም። አውቅ ነበር። ማወቅና ማሰብ ግን ሁለት ነገር ነው» አለኝ። ተማሪዬ በነበረበት ጊዜ ከአሥር ስድስት አልፎ አያውቅም። ለዚህ ዓረፍተ ነገር ግን ከዚያ በላይ ይገባዋል።

በደቡብ ጎን አንድ ልማድ አለን። ከመካከላችን ሰው ሲሞት በሚቀጥለው ጨዋታ ወንበሩ ላይ ሻርፕ ይታሰራል፤ ማንም አይቀመጥበትም። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ስሙ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ጎኑ በሙሉ «ደቡብ!» ብሎ ይመልሳል። ይኸውም የእኛ ነው ማለት ነው። በማግስቱ ስሙ በሙታን መዝገብ ላይ አንድ ሙሉ ገጽ ያገኛል። መዝገቡን የሚይዘው ማሪኑስ ነው። በእርሳስ ያሰምራል፣ በቀለም ይጽፋል፣ ደርቆ ሳያይ ገጽ አይገለብጥም።

ከሁለት ዓመት በፊት የደጋፊዎች ማኅበራችን ቤት ሲታደስ ከጣሪያው ሥር አንድ ሣጥን ተገኘ፤ ከጦርነቱ ጊዜ የቀረ የአባላት ዝርዝር ነበረበት። ማሪኑስ ወስዶ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አነበበው። ኅዳር 1941 ላይ ሲደርስ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ ጽሕፈት የተሰረዙ አሥራ አራት ስሞች አገኘ። በእያንዳንዳቸው ፊት «በራሱ ፈቃድ ወጥቷል» ተብሏል። የአንዷ ብቻ «በራሷ ፈቃድ» ይላል፤ ሮሳ ስፔየር ትባላለች፣ ትኬት ትቆርጥ ነበር።

ሌን ይህን ሲሰማ «አሥራ አራት ሰው በአንድ ቀን? ቢራው ኮምጥጦ መሆን አለበት!» ብሎ ቀለደ። ማሪኑስ ግን አልሳቀም። አይሁዶች ከማናቸውም ማኅበር እንዲወጡ የታዘዘው በዚያው ሰሞን መሆኑን ፈልጎ አገኘ። ከዚያ ሁለት ክረምት ሙሉ፣ ከክሬኑ በወረደበት የዕረፍት ቀኑ ሁሉ፣ ወደ ከተማው መዛግብት ቤት ተመላለሰ። እያንዳንዱን ስም በሦስት ምንጭ አመሳከረ፤ በአባላቱ ዝርዝር፣ በነዋሪዎች ካርድ፣ በባቡር በተጫኑት ስም ዝርዝር። ሦስቱ ካልተስማሙ አይጽፍም። ከስታዲየሙ ግማሽ ሰዓት በእግር ወደሚያስኬደው ወደዚያ መጋዘን፣ አይሁዶቹን በባቡር ከመጫናቸው በፊት ወደ ሰበሰቡበት ወደ ሃያ አራት ቁጥር፣ ሄዶ ርቀቱን በእርምጃ ለካው። ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ስጠይቀው «ምንም። ማወቅ ፈልጌ ነው» አለኝ። እትዬ፣ በአርባ ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንዲህ ያለ ሥራ አላየሁም። ዘጠኝ ከአሥር ሰጥቼዋለሁ። አሥር ለማንም እንደማልሰጥ ታውቂያለሽ።

ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ቤት ሰበሰበንና ዝርዝሩን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ሃያ ያህል ሰው ነበርን፤ ቢራና የተጠበሰ የሥጋ ድቡልቡል ነበር። «እሑድ ሻርፕ እናስርላቸዋለን፤ ስማቸውንም እንጠራለን» አለ።

ሌን ከወንበሩ ተነሳ። «እሑድ? ከአምስተርዳም ጋር በምንጫወትበት ቀን? አብደሃል እንዴ አንተ! እነዚያ ራሳቸውን አይሁድ እያሉ ሲጨፍሩ፣ እኛ ደግሞ እዚህ የአይሁድ ስም ስንጠራ? ሜዳውን ለቀን ቁልፉን እናስረክባቸው እንጂ!»

ማሪኑስ ድምፁን ሳያነሳ መለሰለት። «እነዚህ ከአምስተርዳም ጋር ምን አገናኛቸው? ባሬንት ክሌሬኮፐር የመንገድህ ሰው ነው፣ ከዓሣ ሱቅህ ሦስት በር አልፎ ነው የኖረው። ኢዛክ ትሮምፔተር ለክለቡ ብሎ ጥርሱ የተሰበረ ሰው ነው፤ የተሰበረውም እዚያው አምስተርዳም ነው። እነዚያ የሚያውለበልቡት ባንዲራ ነው፤ እኛ የሰረዝነው ሰው ነው።»

«እኔ ማንንም አልሰረዝኩም» አለ ሌን።

«አንተ አልሰረዝክም። እኔና አንተ ከሰረዛቸው ሰው ጋር ሆነን ነው የዘመርነው።»

ሌን ተቀመጠ። እኔ መነጽሬን አድርጌ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁና ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። ዘጠነኛው ስም እንዲህ ይል ነበር፦ «ሳሎሞን ደ ዎልፍ፣ ቆብ ሰፊ፣ ፑትሰላን መንገድ። ከ1942 በኋላ አድራሻ የለም። 1943፣ የሞተበት ቦታ ያልታወቀ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እጄ ወደ ደረት ኪሴ ሄደ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀይ እስክሪብቶ እንደማልይዝ ያስታወስኩት ያኔ ነው። በዚህ ከተማ ደ ዎልፍ የሚባል ስንት ሰው እንዳለ ታውቂያለሽ፤ ማንም ዞሮ አላየኝም። ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ።

ሦስት ቀን ምግብ አልጣመኝም። አንቺ ብቻ የምትረጂውን ልንገርሽ። አባታችን ከጦርነቱ በኋላ አባል ያልሆነው ለምን ነበር? በየጨዋታው በበሩ ትኬት እየቆረጠ ገባ እንጂ ስሙን ለማንም ጸሐፊ አልሰጠም። የቤተ መጻሕፍት ካርዱ እንኳ በእናታችን ስም ነበር። «ዝርዝር ላይ ያለ ሰው ይገኛል» ይለን ነበር፤ እኛም ይህንኑ ይዘን አደግን። አሁን ስሙ ግድግዳ ላይ ነው፤ እሑድ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ሰው ከሙታን ጋር ሊጠራው ነው። ዝም ብል ስሙ ይከበራል፣ እኔም እንደ ተደበቅሁ እቀራለሁ። ነገር ግን ስህተት ነው። ያ ገበሬ ሠላሳ አንድ ወር ደብቆ ያኖረውን ሰው፣ እነዚያ ያልገደሉትን አንድ ሰው፣ እኔ በዝምታዬ ልገድልላቸው ነው። ለማረም ደግሞ እንዴት አወቅህ እባላለሁ። መልሱ አንድ ብቻ ነው። ሐሙስ ስለ ድንቹ የደወልኩልሽ ይህንን ይዤ ነበር።

እሑድ ጠዋት በአራት ሰዓት ስታዲየም ደረስኩ። ማሪኑስ ከወንበር ወንበር እየሄደ ሻርፕ ያስራል፤ ቋጠሮው ሁሉ እኩል ነው። ሌንም ነበር። መምጣቱ ገረመኝ፤ «ልየው ብዬ ብቻ ነው» እያለ ይነጫነጭ ነበር፣ ሻርፖቹን የተሸከመው ግን እሱ ነው። ዘጠነኛውን አስረው ሲጨርሱ ደረስኩባቸው።

«ይህ ይፈታ» አልኩ።

«ምነው መምህር፣ ጠመመ?» አለ ማሪኑስ።

«አልጠመመም። ስህተት ነው። ሳሎሞን ደ ዎልፍ በ1943 አልሞተም። በ1979 መጋቢት ሦስት ቀን፣ ፑትሰላን፣ በገዛ አልጋው ላይ ነው የሞተው። እራቱን በልቶ ነበር። የአተር ሾርባ።»

«እርግጠኛ ነዎት? ምንጭዎ ምንድን ነው?»

«ሾርባውን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩት። «አባቴ ነው።»

ሌን ሻርፖቹን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ቆይ፣ ቆይ። አባትህ? ታዲያ አንተም...»

«እኔም።»

«ይህን ሁሉ ዓመት? እኔ አጠገብህ ተቀምጬ ያንን ሁሉ...»

«በግራዬ። አዎ።»

«ታዲያ ምነው አትነግረኝም አንተ ሰውዬ!»

«ልነግርህ ስል ጥርስህ ሥራ ይዞ ነበር» አልኩት።

ማንም አልሳቀም። ሌን እስከ አንገቱ ቀላ፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ጫማውን እያየ «ሠላሳ ዓመት ዓሣ በርካሽ ሸጬልሃለሁ። ለዚያ እንኳ ብለህ ልትነግረኝ ይገባ ነበር» አለ።

«ርካሽ አልነበረም» አልኩት።

ያኔ ማሪኑስ ሳቀ፤ ሌንም እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ሳቀ። ተነሥቶ ዘጠነኛውን ሻርፕ ይፈታ ጀመር። ጣቶቹ ወፍራም ናቸው፣ በረዶ ላይ የኖሩ፤ ማሪኑስም አጥብቆ ነው ያሰረው። ልናግዘው ስንጠጋ «እጃችሁን ሰብስቡ» ብሎ ጮኸብን። ብዙ ደቂቃ ፈጀበት። ሲጨርስ ወንበሩን በመዳፉ ጠረገና «ግባ ተቀመጥ፤ ይህ የሕያው ሰው ወንበር ነው» አለኝ።

ስለዚህ በአሥራ ሦስት ሻርፖች መካከል ተቀመጥኩ። ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ማሪኑስ የድምፅ ማጉያውን አምጥቶ ሰጠኝ። «ስም መጥራት የለመዱት እርስዎ ነዎት» አለኝ። ቆሜ፣ እንደ ክፍል ስም ጥሪ፣ ሳልቸኩል ጠራሁ። ባሬንት ክሌሬኮፐር ስል የመለሱት ከሃምሳ አይበልጡም። ከላይ አንዱ «ጨዋታው ይጀመር!» ብሎ አፏጨ። በአምስተኛው ስም ከፊሉ መለሰ። ሮሳ ስፔየር ስል ጎኑ በሙሉ «ደቡብ!» አለ፤ ከእግሬ ሥር ኮንክሪቱ ሲነቃነቅ ተሰማኝ። እትዬ፣ ሁሉም ከልቡ ነበር አልልሽም። ግማሹ ልማድ ስለሆነ ብቻ የሚመልስ ነው። ግን መለሱ። ለሰማንያ ሁለት ዓመት የጠራቸው አልነበረም።

ደግሞም እውነቱን ሳላጎድል ልጻፍልሽ። ስልሳኛው ደቂቃ ላይ የአምስተርዳሙ አጥቂ ሲወድቅ ከላይኛው ጥግ ያ ድምፅ ተነሳ። ያኔ ሌን ወንበሩ ላይ ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ፣ ዓሣ በሚሸጥበት ጉሮሮው «ዝጉት እናንተ ጋጠ ወጦች! እዚህ ሰው ተቀምጧል!» ብሎ ጮኸ። ሌሎችም ዞሩ። ድምፁ ተቆራረጠ፣ ሳሳ፣ ጠፋ። ቆጥሬዋለሁ፤ ዘጠኝ ሰከንድ ነበር። አንቺ በወጣሽ ቀን ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነበር። ዘጠኝ ሰከንድ ዜሮ አይደለም። ልዩነቱ ግን ለእኔ ትንሽ አይደለም። ጨዋታውን ሁለት ለአንድ ተሸነፍን፤ ሌን ጥፋቱ የዳኛው ነው ይላል፣ እኔም ለአንድ ጊዜ አልተከራከርኩትም።

ዛሬ ጠዋት ማሪኑስ መዝገቡን ይዞ ቤቴ መጣ። አሥራ ሦስቱን ገጾች አሳየኝ፤ ከየስሙ ሥር ዘመድ ከተገኘ የሚጻፍበት አንድ አንድ መስመር በእርሳስ ተሰምሯል። አብዛኞቹ ባዶ ሆነው የሚቀሩ ናቸው። ቀጥሎ የአባታችንን ገጽ ገለጠ፤ የሞተበትን ትክክለኛ ቀንና ቦታ ነገርኩት፣ በቀለም ጻፈ። አባታችን ዝርዝር አይወድም ነበር አልኩት። «ካልፈለጉ ገጹን አሁኑኑ ቀድጄ እጥለዋለሁ» አለ፤ ከልቡም ነበር። ብዙ አሰብኩና ብዕሩን ተቀብዬ በአባታችን ስም ሥር ስሜን ጻፍኩ።

እርግጠኛ ለመሆን ገጾቹን ሁሉ መልሼ ቆጠርኩ። በአሥራ ሦስቱ ላይ ለዘመድ የተሰመረው አንድ መስመር ነው። በአባታችን ገጽ ላይ ሁለት ነው፤ ልክ እንደ እኔና አንቺ። እርሳሱ ዛሬ የተሰመረ አይደለም፤ ጠርዙ ደብዝዟል፣ ምናልባት ከረቡዕ በፊት፣ እኔ አንድም ቃል ሳልናገር ነው። ሌላውን ሁሉ በሦስት ምንጭ ያመሳከረ ሰው የአባታችንን ብቻ እንዴት እንደ ሳተው ልጠይቀው አልኩ። ኮቱን እየለበሰ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየኝም። አልጠየቅሁትም።

ሁለተኛው መስመር ባዶ ነው። ያለ ፈቃድሽ አልጽፍበትም፤ ባዶ ይቅር ካልሽም አልቀየምሽም፤ መብትሽ ነው። ማሪኑስ መዝገቡን እስከ ፋሲካ እዚህ ይተውልኛል። ጉልበትሽ የሚፈቅድ ከሆነ ባቡሩ ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ፤ በዚህ ጊዜ ሰዓቴን ሳላይ።

እናታችን ትመርቀን እንደነበረው እስከ መቶ ሃያ ዓመት ያኑርሽ፤ እግርሽ ይጽና፣ ቤትሽ ይሙቅ፣ መልካም ወሬ አይጥፋብሽ።

አብሮሽ ሊነሳ ይገባው የነበረ
ታናሽ ወንድምሽ